ዶክተር ይታይ

ነርሶች ስም ሲያወጡ አይምሩም። አዲሷ ተለማማጅ ሐኪም ሥራ ከጀመረች ወር ሳይሞላት «ዶክተር ይታይ» ተባለች። ስሙ ደግሞ ልክክ ያለባት ነበር። በሽተኛ ፊቷ በቀረበ ቁጥር «ኩላሊታቸው ይታይ፣ ጉበታቸውም ይታይ፣ ለማንኛውም ልባቸውም ይታይ» ትላለች። ጉንፋን ይዞት የመጣ ጎረምሳ ራጅ ተነስቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ የሽንት ብልቃጥ ተሸክሞ ሲንከራተት ይውላል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነውና ኮሪደር ላይ ባገኛት ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልላታል።

«የኛ ትልቋ ደንበኛ! ዛሬስ የማንን ደም ልትልኪልን ነው?»

አብራው ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም።

ፈርታ ነበር። ትምህርት ላይ እያለች ከክፍሏ ፊተኞች አንዷ ነበረች፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ራሱን የሚያዞረው ሰው ሲመጣ፣ ራስ የሚያዞሩ በሽታዎች ሁሉ ተሰልፈው ፊቷ ይቆማሉ። የትኛው በየቀኑ እንደሚመጣ፣ የትኛው በስንት ዓመት አንዴ እንደሚያጋጥም የሚያስተምረው ብዙ በሽተኛ ማየት ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ምን አይታ! መጽሐፉ ላይ ሁሉም በእኩል ፊደል ነው የተጻፈው።

የምትጠይቀው ሰውም አልነበራትም። የውስጥ ደዌ ክፍሉን የሚመሩት ትልቋ ዶክተር እናታቸውን ሊያስታምሙ ፈቃድ ወጥተዋል። እሳቸውን የተካው ሐኪም ሁለት ክፍልና ድንገተኛውን ደርቦ ይዞ ከወዲያ ወዲህ ይራወጣል። ስትደውልለት ከኋላው ሁልጊዜ የሆነ ሰው ይጮሃል።

«ምን ይሆናል ብለሽ ታስቢያለሽ?» ይላታል።

መደርደር ትጀምራለች። ሦስተኛው ላይ ሳትደርስ «በቃ፣ ካጠራጠረሽ እዘዢው» ብሎ ይዘጋዋል። እሱም ወዶ አይደለም።

ዳኛው የመጡት በዚህ መሃል ነው።

ዳኛ ሲባሉ የፍርድ ቤት እንዳይመስል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እግር ኳስ ያጫወቱ፣ ጡረታ የወጡ ፊሽካ ነፊ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አነጋገራቸው ቁጥብ። በሁለቱም ቡድን ደጋፊ እኩል መሰደባቸውን እንደ ሜዳልያ ይቆጥሩታል። የዚያን ቀን ጠዋት ጋዜጣ ሊገዙ ከቤት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቤታቸው ጎን ካለው ፀጉር ቤቷ ሮጣ ወጥታ፣ መቀሱ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ በታክሲ ጭና አመጣቻቸው።

«ወንድሜን አድኑልኝ! ሞቶ ነው የተነሳው!» እያለች ገባች።

«አልሞትኩም፣ ተቀይሬ ልወጣ ስል ነው የመለሱኝ» አሉ ዳኛው፣ አልጋው ላይ ተዘርግተው።

ተለማማጇ ልጅ ሳቅ አለችና ወደ ጥያቄዋ ገባች። ጥያቄዋ ሙሉ ነበር፣ አንድም አልዘለለችም። የምትመልሰው ግን እህትየው ናት። ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ? «ኧረ በጭራሽ!» ይጠጣሉ? «ሽታውንም አይወድ!» የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

«መድኃኒት? ወንድምጋሼ? የራስ ምታት ክኒን እንኳ ለምኜው ነው የሚውጠው!»

ልጅቷ ወደ ዳኛው ዞረች። ዳኛው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እያዩ «እሷ እንዳለችው ነው» አሉ።

ግፊታቸውን ለካች፤ ደህና ነው። ልባቸውን አዳመጠች፤ ደህና ነው። ደህና መሆኑ ይበልጥ አስፈራት። ደህና ሰው ዝም ብሎ አይወድቅም። ደውላ ጠየቀች፤ የተለመደው መልስ መጣላት። አስተኛቻቸው፤ የራስ ቅል ሲቲ ስካን፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ደማቸው ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ይታይ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንደ ተዳፋት መንገድ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ለስካኑ ምግብ ሳይቀምሱ ይጠብቁ ተባሉ፤ ማሽኑ ተበላሸ። በማግስቱም ጾማቸውን ዋሉ፤ ወረፋው አልደረሳቸውም። ሲደርሳቸው ጭንቅላታቸው ንጹሕ ሆነ። ልባቸውም ንጹሕ ሆነ። የሆዳቸው አልትራሳውንድ ላይ ግን ጉበታቸው ውስጥ አንዲት ክብ ጥላ ታየች።

«ትንሽ ነገር ታይቷል፣ ማጣራት አለብን» አለቻት ልጅቷ እህትየውን፣ በተቻላት መጠን ቀለል አድርጋ።

እህትየው የሰማችው «ትንሽ»ን አይደለም። የዚያኑ ቀን ፀጉር ቤቷን ዘጋች፤ ግማሽ ራሷን ተሠርታ ለማግስቱ የተቀጠረች ደንበኛ ሳትቀር መጥታ በር ላይ ቆማ ተመለሰች። ዘመድ እየተጠራራ መጣ። ዳኛውን ለመጠየቅ የሚገባው ሁሉ ፊቱ ጠቁሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ጥግ ጥግ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። «እናንተ ሰዎች፣ ጨዋታው እኮ አላለቀም» ይሏቸዋል ዳኛው። የሚስቅላቸው የለም።

ልጅቷን ሌላም ነገር ያሳቅቃታል። ታች ድንገተኛ ክፍል፣ ሳንባዋ የታመመ አንዲት ሴትዮ አልጋ እስኪለቀቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትስላለች። ልጅቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር ሴትዮዋ ቀና ብላ ታያታለች። ላይ ዳኛው የተኙበት አልጋ አለ። እሳቸውን ወደ ቤት ብትልክና ደጃፋቸው ላይ ቢሞቱስ? አስባው አትጨርሰውም፤ እግሯን አፍጥና ታልፋለች።

ዳኛው በበኩላቸው ክፍሉን ለምደውት ነበር። አስም ያለበት ሰውዬ መስኮት ይከፈት ሲል፣ ብርድ የሚፈራው ጎረቤቱ ይዘጋ ሲል ሁለቱ ሊናከሱ ደረሱ። ዳኛው ጣልቃ ገብተው «የመጀመሪያው አጋማሽ ክፍት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ዝግ። የሚከራከረኝ ቢጫ ያያል» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ነርሶቹ እንኳ የምግብ ሳህን ሲምታታ «ዳኛውን ጠይቁ» ማለት ያዙ።

አንድ ቀን ቁርስ በልተው ብዙም ሳይቆዩ፣ እነዚያው ሁለቱ ኮሪደር ላይ በወንበር ሲጨቃጨቁ ሰሙ። ከአልጋቸው ፈጠን ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ እጃቸውን እንደ ሜዳው ጊዜ ወደ ላይ አነሱ፤ እጁ ሳይወርድ እሳቸው ወረዱ። ልጅቷ ከዚያው ጥግ ነበረች፤ ሮጣ ስትደርስ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ግን መሆን በማይገባው በኩል ዞሯል።

እጃቸው ጀሶ ገባ። ልጅቷ ወደ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። በዓይኗ ሥር፣ በምታክምበት ክፍል ውስጥ ሰው ተሰበረባት። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ምርመራ። ያቺ ጥላ ናት ማለት ነው፤ ክፉ ነገር ሆና ሰውነታቸውን እየመረዘች ነው። ከጉበታቸው በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ደወለች። «ይሁን፣ ለነገ አስይዢው» ተባለች።

በነገው ጠዋት ትልቋ ዶክተር ከፈቃድ ተመለሱ።

ትልቋ ዶክተር አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ጫማቸው ድምፅ የሌለው ሴት ናቸው። አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ አይቸኩሉም፤ ሰው ግን አያስጠብቁም። ዳኛው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳች። ማስረዳቱ ረጅም ነበር፤ ውጤቱ ብቻ ሁለት እጅ ሙሉ ወረቀት ነው። ትልቋ ዶክተር ሳያቋርጡ ሰሙና ወንበር ጎተቱ።

«እትዬ» አሏት እህትየውን፣ «ይቅርታዎን፣ ለአፍታ ወጣ ይበሉልን።»

«እኔ እኮ እህቱ ነኝ፤ ከኔ የሚደብቀው የለም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም።»

ነርሷም ወጣች። ልጅቷም ልትወጣ ስትል ትልቋ ዶክተር የጋውኗን እጅጌ ያዝ አደረጉ። መጋረጃውን ጋረዱና ተቀመጡ፤ ስለ በሽታውም አላነሱም።

«ከየትኛው ወገን ደጋፊ ነው የባሰ ስድብ የሰሙት?»

ዳኛው ፊታቸው በራ። «ከሚያሸንፈው ወገን! ተሸናፊ እኮ ይደክመዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ስለ አንድ ጭቃ ሜዳ፣ ስለ አንድ ያልተቆጠረ ጎል አወሩ። ከዚያ ትልቋ ዶክተር በዚያው ድምፅ፣ ወሬውን ሳያቋርጡ ጠየቁ።

«ሌሊት ለሽንት ብዙ ጊዜ ይነሳሉ?»

 የዳኛው ዓይን ልጅቷ ላይ አረፈና ሸሸ።

«ይህቺ ልጅ ባለችበት ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «የልጄ እኩያ እኮ ናት።»

«ሐኪምዎ ናት። ከሐኪም የሚታፈር ነገር የለም።»

ዳኛው ደህናውን እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰደው አንዲት ጠፍጣፋ የክኒን ካርድ አወጡ። ከመውደቃቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው የታዘዘላቸው የፕሮስቴት መድኃኒት ነው። ሽንታቸው አልወርድ እያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሱ ተቸግረው ነበር። ማታ ሲተኙ ይዋጡት ተብለዋል። ማታ ግን እህታቸው እየመጣች አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ለሰፈሩ ሁሉ ትነግራለች። ስለዚህ ጠዋት፣ እሷ ፀጉር ቤቷን ልትከፍት ስትወጣ ይውጡታል። እዚህም ከገቡ ወዲህ አላቆሙም፤ ቁርስ ሲመጣ በሻይ ያወራርዱታል።

ትልቋ ዶክተር የግፊት መለኪያውን ለልጅቷ ሰጧት። «ተኝተው እንዳሉ ለኪያቸው።» ለካች፤ እንደ ወትሮው ደህና ነው። «አሁን አቁሚያቸውና ለኪያቸው።» ደግፋ አቆመቻቸው፤ የመለኪያው መርፌ እንደ ተበጠሰ ገመድ ሲወርድ በዓይኗ አየች። ዳኛው ደግሞ ወዲያው ገረጡና ክንዷን አጥብቀው ያዙ።

«አስቀምጪያቸው» አሉ ትልቋ ዶክተር። «ይኸው ነው። መድኃኒቱ ግፊት ይጥላል፣ ሲቆሙ በተለይ። ለዚህ ነው ማታ ስትተኙ ዋጡት የሚባለው።»

የጉበቱን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱ። ጥላዋ ጉዳት የሌላት የደም ሥር ቋጠሮ እንደሆነች፣ ምናልባትም አብራቸው የተወለደች፣ ብዙ ሰው ሳያውቃት ይዟት እንደሚያረጅ ነገሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዴ ያዩዋታል፤ ከዚያ ይተዋታል። የመርፌው ቀጠሮ ተሰረዘ።

ኮሪደር ላይ ሲወጡ ልጅቷ ቁጣውን ጠበቀች። አንገቷን ደፋች።

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብለሽ ጠይቀሻቸዋል?» አሉ ትልቋ ዶክተር።

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ማን መለሰልሽ?»

ልጅቷ አሰበችና «እህታቸው» አለች።

«በይ እንግዲህ። እኔ ካንቺ የበለጠ አንብቤ አይደለም፤ እንዲያውም አንቺ ሳትበልጪኝ አትቀሪም። ያፈሩ ሽማግሌዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ያ ብቻ ነው ልዩነታችን። ብቻሽን እዚህ መተዉሽ ደግሞ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ እሱን እኔ እነጋገርበታለሁ። አሁን ግን ሂጂና ለሁለቱም ንገሪያቸው። ከኔ ሳይሆን ካንቺ ይስሙ።»

ልጅቷ ስትነግራቸው ከባዱን መንገድ መረጠች። ዳኛው መድኃኒታቸውን እንድትናገርላቸው ፈቀዱላት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። እህትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። ልጅቷ ምንም አላስቀረችም፦ ቆመው ሳትለካቸው መቅረቷን፣ ከምርመራው አብዛኛው እንደማያስፈልግ፣ እጃቸው መሰበር እንዳልነበረበት፣ በጥላዋ ስም ያለ ምክንያት እንዳስደነገጠቻቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች መጨረሻ ላይ።

እህትየው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እኔ እኮ ቀብሬዋለሁ» አለች። «ገባሽ? እዚህ ተቀምጬ ሲተነፍስ እያየሁ፣ በሆዴ ቀብሬዋለሁ። ምን ለብሼ እንደምሸኘው ሳይቀር አስቤያለሁ። አንቺ ወረቀት በያዝሽ ቁጥር እኔ አፈር ነው ያየሁት።»

«ተይ እንጂ» አሉ ዳኛው። «ጥፋቱ የኔም ነው። ልጅቷ ጠይቃኛለች፤ እኔ ዋሸሁ።»

«አንተንማ ቤት ስንገባ እንነጋገራለን!» ብላ ዞረችባቸው፤ ከዚያ ጀሶውን አቅፋ አለቀሰች። ልጅቷ እዚያው ቆመች። መሄድ ይቀላት ነበር፤ አልሄደችም።

ዳኛው ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ወጡ፤ ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ብለው፣ ትንሽ ቆይተው፣ እንደተነገራቸው። አልጋው አንሶላው ሳይቀዘቅዝ ያቺ የምትስለው ሴትዮ ከታች መጣችበት። ልጅቷ ራሷ ናት ኦክስጅኗን ያስተካከለችላት። ሴትዮዋ ከሚገባው በላይ ቆይታ ስለመጣች መዳኛዋ ረዘመ፤ ግን ዳነች።

በዚያው ሳምንት የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ጠሩ። በየዓመቱ አዲሶቹ ሲገቡ የላቦራቶሪው መጋዘን እንደሚራቆት፣ የምርመራ ኬሚካል ለእውነተኛ ሕመምተኛ እንደሚጠፋ ተናገሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቤቱን በጎዶሎ በጀት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። «ጣሪያ እናውጣ» አሉ። «አንድ ተለማማጅ በቀን ከዚህ በላይ ማዘዝ አይችልም ይባል።»

«ጣሪያ ቢያወጡባቸው የሚያስፈልገውንም ይተዉታል» አሉ ትልቋ ዶክተር። «እነዚህ ልጆች ምርመራ የሚያዙት ምርመራ ወደው አይደለም። የሚጠይቁት ሰው ሲያጡ ማሽኑን ይጠይቃሉ። ጠዋት ጠዋት አንዳችን ድንገተኛ ክፍል እንቀመጥ።»

«የናንተ ሰዓት እኮ ከኬሚካሉ ይወደዳል!»

«ያለ ምክንያት የተያዘ አልጋስ? የተሰበረ እጅስ?»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉ። በመጨረሻ «እስቲ እንሞክረው» አሉ። ተሞከረ። ነፃ አልነበረም፤ የትልቋ ዶክተር ተመላላሽ በሽተኞች ወረፋቸው ረዝሞ አጉረመረሙ፣ እሳቸውም ምሳቸውን እየቆሙ መብላት ጀመሩ። ግን ልጅቷ ዞር ስትል የምትጠይቀው ሰው አገኘች። ትልቋ ዶክተር መልስ አይሰጧትም፤ «ይሄ ምርመራ ቢመጣ ምን ትቀይሪያለሽ?» ይሏታል። ምንም የማትቀይር ከሆነ ወረቀቱን ትቀድደዋለች።

ባንድ ቀን አልተለወጠችም። አንዳንድ ቀን ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣና እንደ ድሮዋ ታዛለች። አንዴ ደግሞ ድካም ብቻ ነው የሚሰማኝ ያለች ወጣት አስተማሪ መጣች፤ ትልቋ ዶክተር «ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት» ሲሉ፣ ልጅቷ «አንድ የደም ምርመራ ብቻ፣ የአንገቷ ዕጢ ይታይ» ብላ ሙጭጭ አለች። የታይሮይድ ዕጢዋ ሰንፎ ተገኘ። «አየሽ» አሉ ትልቋ ዶክተር ውጤቱን እያገላበጡ፣ «ስምሽን ጨርሰሽ እንዳትጥዪው።»

ዳኛው ጀሶው ከተፈታላቸው በኋላ እሷ ያለችበት የተመላላሽ ክፍል ጎራ አሉ። እጃቸው ቀጥኗል፣ ጣቶቻቸው ግን ይታጠፋሉ። የፕሮስቴቱ መድኃኒት ተቀይሮላቸዋል፤ አሁን ማታ፣ እህታቸው ፊት፣ በድፍረት ነው የሚውጡት።

«እህትዎ ደህና ናቸው?» አለች ልጅቷ።

«ደህና ናት። ሰላም በልልኝ አላለችኝም፣ አልዋሽሽም። ግን ፀጉርሽን ልትሠሪ ብትሄጂ አትመልስሽም። መቀሱን አጠንክራ ትይዝ ይሆናል እንጂ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ዓይኗም ትንሽ ሞላ። ዳኛው ግን ለሰላምታ ብቻ አልነበረም የመጡት። በሩን ከፈት አድርገው አንድ ወፍራም፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ ሽማግሌ ጎትተው አስገቡ።

«ይሄ የመስመር ዳኛዬ ነው። ዕድሜ ልኩን ባንዲራ ይዞ አብሮኝ ሮጧል። የሆነ ነገር ውስጡ አለ፤ ክብደቱ ሲያልቅ አያለሁ። ለኔም አይናገር፣ ለልጆቹም አይናገር።» ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ይህቺ ትጠይቅሃለች። አንተው ነህ የምትመልሰው። እኔ ውጭ ነኝ።»

ወጥተው በሩን ዘጉት።

ሰውዬው ኮፍያውን እያሽከረከረ ወለሉን ያያል። ልጅቷ ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ አጠገቡ አደረገችና ተቀመጠች። ውጭ ወረፋው እንደ ጉድ ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ነርሷ ስም ትጣራለች።

«እንዴት ብዬ እንደምጀምርልሽ አላውቅም፣ ልጄ» አለ ሰውዬው።

«ከፈለጉት ይጀምሩ፣ አባቴ። እሰማዎታለሁ።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ገበታ ላይ ብቻውን መቀመጥ እንዳቃተው ከመንገር ጀመረ።